የብርቅ የእንግሊዝ ቤተሰብ ስም ምንጭ እንዴት ይመረመራል? ቦታው ቀድሞ፣ ትርጉሙ ኋላ

በርትዊስል የሚባል የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም አለ። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ይህን ስም ሲሰማ ወዲያው ሁለት ቃላት ጆሮው ውስጥ ይገባሉ፤ «በርድ» ወፍ ነው፣ «ዊስል» ደግሞ ፉጨት ነው፤ ስለዚህ የስሙ የመጀመሪያ ባለቤት እንደ ወፍ የሚያፏጭ ሰው ነበር ብሎ ይደመድማል። ግምቱ ግማሹ ልክ፣ ግማሹ ስሕተት ነው። ወፉ በእርግጥ አለ፣ ፉጨቱ ግን የለም። ስሙ የተወሰደው በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በላንክሻየር ካውንቲ፣ ከበርንሊ ከተማ አጠገብ በሃፕተን አካባቢ ከነበረና ዛሬ ከጠፋ ሰፈር ነው። የሰፈሩ ስም ደግሞ «ብሪድ» እና «ትዊስላ» ከሚሉ ሁለት የጥንታዊ እንግሊዝኛ ቃላት የተገጠመ ሲሆን፣ የመጀመሪያው የወፍ ጫጩት፣ ሁለተኛው ሁለት ጅረቶች የሚገናኙበት መንታ ቦታ ማለት ነው።

ብርቅ ስም የሚመረምር ሰው ሁሉ የሚሰናከለው በዚህ ዓይነቱ ቦታ ላይ ነው። «ስሙ ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጀምርና መዝገበ ቃላት ይገልጣል፣ የሚመስል ቃል ያገኛል፣ ከዚያ በኋላ የሚያገኘውን ማስረጃ ሁሉ ለዚያ ቃል ምስክር ያደርገዋል። እኔ የምመክረው መንገድ ከዚህ ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ ስሙን የተሸከሙት ሰዎች የት እንደ ኖሩ ይታወቅ፤ ቀጥሎ ከዘመን ወደ ዘመን ወደ ኋላ እየተሄደ ስሙ በየጊዜው እንዴት እንደ ተጻፈ ይሰብሰብ፤ ትርጉሙ በመጨረሻ ይምጣ። ስሙ ብርቅ መሆኑ በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቅ ሀብት ነው። እጅግ የተለመደውን ስም፣ ስሚዝን፣ የያዘ ሰው በአንድ መዝገብ ላይ ማግኘት ምንም አይናገርም፤ በርትዊስል የሚባል ሰው በአንድ ሩቅ አጥቢያ መገኘቱ ግን ራሱ ዜና ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሞቹ እንዴት ተወለዱ፣ ለምንስ አነሱ?

በእንግሊዝ አገር ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ የቤተሰብ ስም የተስፋፋው ኖርማኖች በ1066 አገሪቱን ድል አድርገው ከያዙ በኋላ ነው። ልማዱ በባለርስት መኳንንት ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ከተማ ነጋዴዎችና ወደ ገበሬዎች ወረደ፤ ደቡቡ ቀደመ፣ ሰሜኑ ዘገየ፤ ሆኖም በ1400 ገደማ አብዛኛው የእንግሊዝ ቤተሰብ የሚወረስ ስም ነበረው። ስሞቹ በጥቅሉ ከአራት ምንጮች ይቀዳሉ፤ ከቦታ፣ ከሙያ፣ ከወላጅ መጠሪያና ጎረቤት ካወጣው ቅጽል ስም። ስሚዝ የበዛው ብረት ቀጥቃጭ የሌለው መንደር ስላልነበረና ስሙ በብዙ ቦታ ለየብቻው ስለ ተወለደ ነው። ከአንድ ገለልተኛ እርሻ የተወሰደ ስም ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአንድ ቤተሰብ ብቻ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ የላንክሻየርና የዮርክሻየር ተራራማ ሸለቆዎች እንደዚህ ባሉ ስሞች የታወቁ ናቸው።

ከተወለዱት ስሞችም ብዙዎቹ ጠፍተዋል። በ1348 እና በ1349 እንግሊዝን የመታው ታላቁ ወረርሽኝ ከሕዝቡ ሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነውን ሲፈጅ፣ ገና ሥር ያልሰደዱ ስሞችን ከነባለቤቶቻቸው ወስዷል። ወረርሽኝ ባይኖርም እንኳ ስም የሚተላለፈው በወንድ ልጅ በኩል ስለ ነበር፣ ሴቶች ልጆች ብቻ የተወለዱበት ቤት ስሙን በአንድ ትውልድ ያጣል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፍራንሲስ ጋልተን ይህን ነገር በ1873 የሒሳብ ጥያቄ አድርጎ አቀረበው፤ ቄስና የሒሳብ ሊቅ የነበረው ሄንሪ ዊልያም ዋትሰንም መልስ ሠራለትና ጽሑፉ በ1874 በሁለቱ ስም ወጣ። ከዚያ የምንወስደው ቁም ነገር፣ አንድ ስም ብርቅ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በዕጣ እንጂ በክብር አለመሆኑ ነው። «ስማችን ጥቂት ሰዎች ብቻ ያላቸው ስለሆነ የመኳንንት መሆን አለበት» የሚል አስተሳሰብ ከመነሻው መተው ይገባዋል።

መጀመሪያ የአጻጻፍ ዓይነቶችን ይሰብስቡ

እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ ብዙው ሰው ስሙን ራሱ አይጽፍም ነበር። የሚጽፍለት ቄሱ፣ የቄሱ ረዳት፣ ግብር ሰብሳቢው ወይም የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ሲሆን፣ እርሱም የሰማውን በመሰለው ፊደል ያሰፍራል። ስለዚህ አንድ ሰው በክርስትናው፣ በጋብቻውና በቀብሩ መዝገብ ላይ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ቢገኝ አያስገርምም፤ «ቤተሰባችን ሁልጊዜ በአንድ ኤል እንጂ በሁለት ኤል አልጻፈም» የሚል ወግም ከመዝገቡ ፊት አይቆምም።

በአጻጻፍና በአነጋገር መካከል ያለው ርቀት አንዳንዴ የሚያስደነግጥ ነው። ፊደሉን ተከትለው ቢያነቡት «ቾልሞንደሌይ» የሚመስለው ስም ሲጠራ «ቸምሊ» ነው፤ «ፌዘርስቶንሃው» የሚመስለውም «ፋንሾ» ይባላል። እንዲህ ያለ ስም የያዘ ሰው ከአገሩ ርቆ ሄዶ ስሙን ለማያውቀው ጸሐፊ ቢናገር፣ ጸሐፊው የሚጽፈው የሰማውን ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ የሚመስል ብርቅ ስም ተወለደ ማለት ነው። በብዙ የእንግሊዝ ዘዬዎች ደግሞ በቃል መጀመሪያ ላይ ያለችው የ«ህ» ድምፅ ስለምትዋጥ፣ ጸሐፊዎች አንዳንዴ ይጥሏታል፣ አንዳንዴም በሌለችበት ይጨምሯታል። ሂገንቦተም የሚባለው ስም በቦልተን አካባቢ ካለው ኦክንቦተም ከተባለ ቦታ የመጣ ነው ተብሎ ይታመናል፤ መነሻዋ «ህ» ባዶ ቦታ ላይ የበቀለች ናት።

እንግዲህ ፍለጋውን ከመጀመርዎ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ ስሙ ሊጻፍ የሚችልባቸውን መንገዶች ሁሉ ይዘርዝሩ። ስሙን ጮክ ብለው ይጥሩ፤ አናባቢዎቹን ይለዋውጡ፤ «ት» እና «ድ»ን፣ «ብ» እና «ፕ»ን ያፈራርቁ፤ መጨረሻ ላይ «ኤስ» ወይም ድምፅ የሌላትን «ኢ» ይጨምሩ። በኮምፒውተር በተሠሩ ማውጫዎች ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ የድሮውን የእጅ ጽሑፍ ያነበበው ሰው ራሱ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። እኔ አንድን ቤተሰብ ለብዙ ሳምንታት ፈልጌ ያጣሁት፣ ማውጫውን ያዘጋጀው ሰው የስሙን የመጀመሪያ ፊደል «ቢ» ማንበብ ሲገባው «አር» ብሎ ስላነበባት ነበር። ያገኘኋቸው የቤተሰብ ስሙን ትቼ በልጆቹ መጠሪያ ስምና በተወለዱበት አጥቢያ ስፈልግ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ይህ ዘዴ ከእጄ አይለይም።

ካርታው የሚናገረው

ለብርቅ ስም ከሁሉ የሚበልጥ የመጀመሪያ ምስክር የ1881 የሕዝብ ቆጠራ ነው። ይህ ቆጠራ በብዙ ሺህ በጎ ፈቃደኞች ልፋት ሙሉ በሙሉ ወደ ማውጫነት ስለ ተገለበጠ፣ አንድ ስም በየትኛው ካውንቲና በየትኛው አጥቢያ ምን ያህል ሰው እንደ ነበረው ማየት ይቻላል፤ ውጤቱን በካርታ የሚያሳዩ ፕሮግራሞችም አሉ። በ1881 የባቡር መንገድ አገሩን አዳርሶ የነበረ ቢሆንም፣ ብርቅ ስሞች ከመቶ ዓመታት በፊት ከተወለዱበት አካባቢ እምብዛም ሳይርቁ ተከማችተው ይታያሉ። በርትዊስል በዚያን ጊዜ በዋነኛነት የላንክሻየር ስም ነበር። የሙዚቃ ደራሲው ሃሪሰን በርትዊስል እንኳ በ1934 የተወለደው በዚያው ካውንቲ፣ ከጠፋው ሰፈር ጥቂት ኪሎ ሜትር በሚርቀው በአክሪንግተን ከተማ ነው።

ካርታው የሙያ ስሞችንም ይፈታል። አዲስ የተሸመነ የሱፍ ጨርቅ በውኃ እየተረገጠ እንዲጠብቅ የሚያደርገው ባለሙያ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ፉለር፣ በደቡብ ምዕራብ ተከር፣ በሰሜንና በመካከለኛው አገር ዎከር ይባል ነበር። ሥራው አንድ ነው፤ ስሙ ግን የባለቤቱን አገር ይመሰክራል። ዎከር «የሚራመድ» የሚመስለው ሰው ዝም ብሎ የሚራመድ መንገደኛ አልነበረም፤ የሚራመደው በጨርቁ ላይ ነበር።

ካርታ ሲያነቡ ለንደንን፣ ማንቸስተርንና ሊቨርፑልን በጥርጣሬ ይመልከቱ። እነዚህ ከተሞች ሰውን ከየአቅጣጫው ስለሚስቡ፣ በውስጣቸው የሚገኝ ጥቂት ክምችት ስለ ምንጭ የሚናገረው ትንሽ ነው። በአንድ የገጠር አጥቢያ የሚገኙ 12 ሰዎች በለንደን ከሚገኙ 30 ሰዎች የበለጠ ይመዝናሉ። ስሙ በሁለት ተራራቂ ካውንቲዎች ተከማችቶ ከታየ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ምንጮች ሊኖሩት ስለሚችሉ፣ ሁለቱን ክምችቶች እስከ መጨረሻው ድረስ እንደ ሁለት ስም ይያዙዋቸው።

ከ1837 ወዲህ ያለው ዘመን

ካርታው አቅጣጫውን ካሳየ በኋላ ከሚታወቅ ሰው ተነሥቶ ወደ ኋላ መራመድ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የመንግሥት የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ መጀመሪያ 1837 ነው። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ማውጫዎቹ በየሩብ ዓመቱ የተዘጋጁ ሲሆኑ፣ ለብርቅ ስም ማውጫውን በሙሉ ገልብጦ መውሰድ ይቻላል፤ ይህ ለስሚዝ የማይታሰብ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ልደቶቹን ከጋብቻዎች ጋር እያገናኙ በአገሩ ያሉትን ቤተሰቦች ሁሉ መሰብሰብ የሚከብድ ሥራ አይደለም። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ የሙሽራውንና የሙሽሪትን አባቶች ስምና ሥራ ስለሚይዝ አንድ ትውልድ በአንድ እርምጃ ያሻግራል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሳይመዘገቡ የቀሩ ልደቶች እንዳሉ ግን ይታወስ፤ ልጁን ያላስመዘገበ ወላጅ የሚቀጣበት ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በ1875 ነው።

የሕዝብ ቆጠራው ከ1801 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ የተካሄደ ቢሆንም፣ የሰዎች ስም በመላ አገሪቱ የሚገኘው ከ1841 ወዲህ ነው። የ1841ዱ ቆጠራ ጎዶሎ ነው፤ ከ15 ዓመት በላይ የሆኑትን ሰዎች ዕድሜ በአብዛኛው ወደ ታች ባለው በአምስት የሚካፈል ቁጥር ያወርደዋል፣ የትውልድ ቦታንም «በዚሁ ካውንቲ» ወይም «በሌላ» ብሎ ያልፈዋል። የ1851ዱ ግን የተወለዱበትን አጥቢያ ስለሚጠራ፣ በ1780ዎቹ የተወለደና እስከዚያ የቆየ አዛውንት በዚህ ቆጠራ ላይ ማግኘት ብዙ ልፋት ይቀንሳል። የቆጠራ ቅጾች ለ100 ዓመት ተዘግተው ስለሚቆዩ እስካሁን ለሕዝብ የተከፈተው የመጨረሻው የ1921 ቆጠራ ነው። የ1931ዱ በ1942 በእሳት ወድሟል፤ በ1941 በጦርነቱ ምክንያት ቆጠራ አልተደረገም። ክፍተቱን በከፊል የሚሞላው በመስከረም 1939 የተዘጋጀው ብሔራዊ መዝገብ ነው።

የአጥቢያ መዛግብትና ኑዛዜዎች

የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ዋና ሹም የነበረው ቶማስ ክሮምዌል በ1538 እያንዳንዱ አጥቢያ ክርስትናን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲያሰፍር አዘዘ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ሙሉውን የጠበቁ አጥቢያዎች ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከ1598 ነው፤ በዚያን ጊዜ መዝገቡ በብራና ላይ እንዲገለበጥና በየዓመቱ ግልባጩ ለጳጳሱ እንዲላክ ስለ ታዘዘ ነው። ይህ ለጳጳሱ የተላከ ግልባጭ የአጥቢያው መዝገብ በጠፋበት ወይም በራሰበት ቦታ ምትክ ሆኖ ያገለግላል። ሁለቱም ካሉ ሁለቱንም ያንብቡ፤ ብርቅ ስም በሁለቱ ላይ በተለያየ አጻጻፍ ሲገኝ የአካባቢውን አነጋገር ይገልጣልና። ከ1642 እስከ 1660 ባለው የእርስ በርስ ጦርነትና የሪፐብሊክ ዘመን መዝገቦች በየቦታው ይቋረጣሉ።

በዚህ ዘመን ውስጥ አንድ ወጥመድ አለ። እስከ 1751 ድረስ የእንግሊዝ ሕጋዊ ዓመት የሚጀምረው በመጋቢት 25ኛ ቀን ነበር። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ «የካቲት 10፣ 1720» ተብሎ የተጻፈ ክርስትና በዛሬው አቈጣጠር በ1721 የተፈጸመ ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው፣ በሚያዝያ 1720 የተጋቡ ባልና ሚስት ከጋብቻቸው ሁለት ወር በፊት ልጅ ክርስትና አስነሡ ብሎ ያማቸዋል፤ እነርሱ ግን ንጹሓን ናቸው።

ከ1754 ጀምሮ የጋብቻ መዝገብ ሙሽሮቹና ምስክሮቹ የሚፈርሙበት ሆነ። የስም ተመራማሪ በዚህ ገጽ ላይ ቆም ማለት አለበት፤ ባለስሙ ራሱ ስሙን በገዛ እጁ ሲጽፍ ብዙ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው እዚህ ነውና። ቄሱ ከላይ በአንድ አጻጻፍ ያሰፍራል፤ ሙሽራው ከታች፣ በማይለምድ እጅ፣ ቀለሙን እያንጠባጠበ፣ በሌላ አጻጻፍ ይፈርማል። በፊርማው ቦታ የመስቀል ምልክት ብቻ ካለ ግን አጻጻፉ የቄሱ ነው ማለት ነው። ከ1813 ወዲህ ደግሞ የክርስትና መዝገብ በታተመ ቅጽ ላይ ስለሚሞላ የአባትን ሥራና መኖሪያ ይጨምራል። ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውጭ የነበሩ ማኅበረ ምእመናን መዝገቦች በከፊል በለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል፤ በላንክሻየር እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች ብዙ ስለሆኑ፣ ስሙ ከአጥቢያው መዝገብ በድንገት ቢጠፋ ሞተዋል ወይም ተሰደዋል ከማለት በፊት እዚያ ማየት ተገቢ ነው።

ኑዛዜ ለብርቅ ስም ከወርቅ ይበልጣል። እስከ ጥር 1858 ድረስ ኑዛዜ የሚጸድቀው በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶች ነበር፤ ከእነርሱ ትልቁ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ፍርድ ቤት ከ1384 ጀምሮ ያሉ መዝገቦች ያሉት ሲሆን፣ ዛሬ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት በኮምፒውተር ይገኛሉ። የአነስተኛ ገበሬዎችና የባለሙያዎች ኑዛዜ ግን የሚገኘው በየካውንቲው ቤተ መዛግብት ነው። አንድ ኑዛዜ ወንድሞችን፣ ያገቡ ሴቶች ልጆችን፣ የወንድም ልጆችን፣ የመሬት ስሞችን በአንድ ገጽ ይዘረዝራል፤ ከአጥቢያ መዝገብ የተለቀሙትን የተበታተኑ ስሞች ወደ አንድ ቤተሰብ የሚሰበስባቸውም እርሱ ነው።

ከ1538 በፊት

ከዚህ ወዲያ አባትን ከልጅ ጋር ማያያዝ ለተራ ሰው ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ ስሙን በቦታው መከታተል ግን ይቻላል። ወደ ኋላ ከመውረድ በፊት መነሻ ለመያዝ፣ በ1662 እና በ1689 መካከል የተሰበሰበው የምድጃ ግብር እና በ1641 እና 1642 ዕድሜያቸው 18 ዓመት የሞላቸው ወንዶች የፈረሙበት የታማኝነት ቃለ መሐላ ዝርዝር የ17ኛውን መቶ ዓመት ሥርጭት ያሳያሉ። ወደ ኋላ ሲወርዱ የ1524 እና የ1525 የግብር ዝርዝሮች አሉ፤ ከዚያ በፊት በ1377፣ በ1379 እና በ1381 የተጣለው የነፍስ ወከፍ ግብር ይመጣል። የ1377ቱ ከ14 ዓመት በላይ ከሆነ ሰው ሁሉ አራት ፔንስ የጠየቀ ሲሆን፣ ስሞችን በሰፊው የምናገኝባቸው ግን የኋለኞቹ ሁለቱ ናቸው። ከእነርሱም በፊት የ1327 እና የ1332 የንብረት ግብር ዝርዝሮች አሉ፤ እነዚህ በአቅም ሻል ያሉትን ሰዎች ብቻ ይይዛሉ።

በየአካባቢው የሚገኘው የጉልት ፍርድ ቤት መዝገብ ከግብር ዝርዝር ይልቅ ሕይወት አለው። ማን መሬት እንደ ወረሰ፣ የማን በሬ የማንን አዝመራ እንደ በላ፣ ማን ጠላውን አለመጠን እንደ ሸጠ እዚያ ይገኛል። ቋንቋው እስከ 1733 ድረስ በአብዛኛው ላቲን ነው። የላቲን ጸሐፊ የሙያ ስሞችን ይተረጉማል፤ «ፋበር»፣ ማለትም ብረት ቀጥቃጭ፣ ተብሎ የተጻፈው ሰው በመንደሩ ስሚዝ ይባል ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ «ፋበር» የሚል ስም አገኘሁ ብሎ ከባዕድ አገር የመጣ ዘር መፈለግ አይገባም። ከስም በፊት «ደ» የሚል ቃል ካለ «ከዚህ ቦታ የሆነ» ማለት ነው፤ በዚህ ምክንያት ስሙ የቦታ ስም ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው፤ የመኳንንትነት ምልክት ግን አይደለም።

የጠፋውን ቦታ ማግኘትና ቃሉን መፍታት

አሁን ትርጉሙን መጠየቅ ይቻላል። ሁለት ደንቦች ይበቃሉ፤ የሚፈታው የዛሬው አጻጻፍ ሳይሆን ከሁሉ የቀደመው አጻጻፍ ነው፤ የሚፈለገው ቦታም የቀደሙት ባለስሞች ከኖሩበት አካባቢ መሆን አለበት። በደቡብ ጠረፍ ያለ ተመሳሳይ የመንደር ስም ለላንክሻየር ቤተሰብ ምንጭ የሚሆንበት ምክንያት እምብዛም የለም።

ብርቅ ስም የተወሰደበት ቦታ ብዙ ጊዜ መንደር እንኳ አይደለም፤ አንድ እርሻ፣ አንድ ወፍጮ ቤት፣ አንድ የሸለቆ ጥግ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ፈርሶ ሊሆን ይችላል። በ1923 የተቋቋመው የእንግሊዝ የቦታ ስሞች ማኅበር በየካውንቲው ያሳተማቸው ጥራዞች እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ቦታዎችን ከነጥንታዊ አጻጻፋቸው ይዘረዝራሉ። ከ1840ዎቹ ጀምሮ የተሠሩት፣ አንድን ማይል በስድስት ኢንች የሚያሳዩ የመንግሥት ካርታዎች ደግሞ እያንዳንዱን እርሻና ጅረት በስሙ ይጠራሉ፤ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በነጻ አቅርቧቸዋል። እነዚህ ካርታዎች ለመፈለግ ብቻ ሳይሆን ለመፈተንም ያገለግላሉ። «ትዊስላ» ያለበት ስም ሁለት ውኃዎች የሚገናኙበት ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ ካርታው ላይ ጅረት ከሌለ ፍቺው ወድቋል። በላንክሻየር ይህን ቃል በጅራታቸው የያዙ ሌሎች ቦታዎችም ስላሉ፣ ለምሳሌ ኤንትዊስልና ኦስዋልድትዊስል፣ በርትዊስል ብቻውን ቆሞ እንዳልተፈታ መረዳት ይቻላል። ከ«ብሪድ» ወደ «በርድ» የተደረገውም ለውጥ ለዚህ ስም ብቻ የተፈጠረ ሰበብ አይደለም፤ ራሱ የእንግሊዝኛው «ወፍ» የሚለው ቃል የ«ር»ን ቦታ በማዘዋወር በዚሁ መንገድ ተለውጧል።

ከዚያው አካባቢ «ቦተም» የሚል መጨረሻ ያላቸው ስሞች የባለቤቶቻቸውን ልጆች በትምህርት ቤት ብዙ አስለቅሰዋል፤ ቃሉ በዛሬው እንግሊዝኛ መቀመጫ ማለትም ስለሆነ ነው። በጥንታዊው ቋንቋ ግን «ቦትም» የሸለቆ ወለል ነው። ሳይድቦተም ሰፊ ሸለቆ ነው፤ ራምስቦተም የጫካ ነጭ ሽንኩርት ወይም የአውራ በግ ሸለቆ ነው፤ ሸፍልቦተም ደግሞ በጎች ከሚታጠቡበት ምንጭ ጋር የተያያዘ ሸለቆ ነው። ጆሮ የሚሰማውና ታሪኩ የሚለው እንዲህ ይራራቃሉ።

ሁልጊዜ ግን ጆሮ ይዋሻል ማለት አይደለም። ጎቱቤድ የሚባል በኬምብሪጅሻየር አካባቢ የታወቀ ስም አለ፤ ቃል በቃል «ሂድ ተኛ» ማለት ነው፤ ትርጉሙም ያው ነው፣ እንቅልፍ ወዳድ ለሆነ ሰው የወጣ ቅጽል ስም። ድሪንክዎተር «ውኃ ጠጪ» ነው፤ ቢራ የሁሉ መጠጥ በነበረበት ዘመን ውኃ መጠጣት ለስም የሚያበቃ ነገር ነበር፣ ለምስኪንነት ወይም ለምጸት። ቀላሉ ፍቺ ልክ የሚሆነው ጥንታዊው አጻጻፍ ሲደግፈው ነው። በ2016 በአራት ጥራዝ የታተመው የኦክስፎርድ የብሪታንያና የአየርላንድ የቤተሰብ ስሞች መዝገበ ቃላት ከ45,000 በላይ ስሞችን ከነቀደምት ማስረጃዎቻቸው ስለሚያቀርብ፣ የራስን መደምደሚያ ከእርሱ ጋር ማነጻጸር ግዴታ ነው ባይ ነኝ።

ሥሩ እንግሊዝ ውስጥ የማይገኝ ስም

ስሙ በአንድ ዓመት ከምንም ተነሥቶ ብቅ ካለ፣ ቀድሞ ያልነበረበትን ምክንያት መፈለግ ነው። በ1685 ለፕሮቴስታንቶች የእምነት ነፃነት የሰጠው የናንት አዋጅ ሲሻር ከፈረንሳይ ወደ እንግሊዝ የፈለሱት ፕሮቴስታንቶች እስከ 50,000 ይገመታሉ፤ ስሞቻቸው በለንደንና በካንተርበሪ ጸሐፊዎች እጅ ሲያልፉ እንግሊዝኛ መስለዋል። ተጥለው የተገኙ ሕፃናት ደግሞ ብዙ ጊዜ በተገኙበት አጥቢያ ወይም መንገድ ይሰየሙ ነበር። ቶማስ ኮረም ፈቃዱን በ1739 አግኝቶ ያቋቋመው የለንደኑ የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ የተቀበላቸውን ሕፃናት ሁሉ አዲስ ስም አውጥቶ ክርስትና ያስነሣቸው ነበር። በእንግሊዝ ሕግ ሰው በልማድ ብቻ ስሙን መለወጥ ስለሚችል ወረቀት ሳይተው የተለወጠ ስምም አለ፤ በድሮ መዝገብ ከሁለት ስሞች መካከል «አሊያስ» (በሌላ ስሙ) የሚል ቃል ካገኙ ሁለቱንም ይከተሉ።

ዲኤንኤ የሚረዳው የት ድረስ ነው?

የወንዶች ዋይ ክሮሞዞም ከአባት ወደ ልጅ እንደ ስሙ ስለሚተላለፍ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። በ2000 የታተመ ጥናት ሳይክስ የሚባለውን የዮርክሻየር ስም ከያዙና ዝምድናቸው ካልታወቀ ወንዶች ወደ ግማሽ የሚጠጉት አንድ ዓይነት የዋይ ክሮሞዞም እንዳላቸው አሳየ። በ2009 የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 40 ስሞችን ከ1,600 በላይ ወንዶች ላይ መርምረው፣ ስሙ ብርቅ በሆነ መጠን የጋራ አባት የመገኘቱ ዕድል እንደሚጨምር አረጋገጡ፤ እንደ ስሚዝ ባሉ ስሞች ግን ዝምድናው ከማንም ሰው ጋር ካለው አይበልጥም። በተግባር፣ በወረቀት ማገናኘት ካልተቻሉ ሁለት ቅርንጫፎች አንድ አንድ ፈቃደኛ ወንድ ማስመርመር ይበቃል። ውጤቱ ቢለያይ ሁለት ምንጭ አለ ለማለት አይቸኩሉ፤ በመካከል በጉዲፈቻ፣ ከጋብቻ ውጭ በሆነ ልደት ወይም ባል የሚስቱን ስም በመውሰዱ ሐረጉ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከየቅርንጫፉ ሦስተኛና አራተኛ ሰው መጨመር ነው። ፈተናው የቅርብ ቤተሰብን ምስጢር ሊያወጣ እንደሚችል ለፈቃደኞቹ አስቀድሞ መናገር የተመራማሪው ኃላፊነት ነው።

በስም እየተጠራ ስለሚሸጠው «የቤተሰብ አርማ» ብዙ መናገር አያስፈልግም። በእንግሊዝ አርማ የሚሰጠው ለግለሰብና ለዘሩ እንጂ ለስም አይደለም፤ ጉዳዩን የሚያውቀው በ1484 የተቋቋመው የለንደኑ የአርማ ኮሌጅ ነው።

ያገኙትን ማስፈር

ለእያንዳንዱ ግኝት አንድ ካርድ ወይም በሠንጠረዥ አንድ መስመር ይስጡ፤ ቀኑ፣ አጥቢያው፣ ስሙ በመዝገቡ ላይ እንዳለ ምንም ሳይታረም፣ አብረው የተጠቀሱት ሰዎች፣ መዝገቡ የሚገኝበት ቤተ መዛግብትና ቁጥሩ። አጻጻፉን «ለማስተካከል» የሚመጣውን ፈተና ይቋቋሙ፤ ከዓመታት በኋላ ፍቺውን የሚወስነው ያች እንግዳ ፊደል ልትሆን ትችላለችና። በ1979 የተቋቋመው የአንድ ስም ጥናት ማኅበር አባላት አንዳንዶቹ የእርስዎን ስም አስቀድመው መሰብሰብ ጀምረው ሊሆን ስለሚችል፣ ከባዶ ከመነሣት በፊት የማኅበሩን የተመዘገቡ ስሞች ዝርዝር ማየት ድካም ያቃልላል።

መደምደሚያውን ሲጽፉ ማስረጃው እስከሚደርስበት ብቻ ይሂዱ። ለበርትዊስል እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «በርትዊስል፦ የቦታ ስም፤ በላንክሻየር፣ በበርንሊ አጠገብ ከነበረና ከጠፋ ሰፈር፤ ከጥንታዊ እንግሊዝኛ ‹ብሪድ› ጫጩት እና ‹ትዊስላ› የውኃ መንታ፤ በ1881 በዋነኛነት በዚያው ካውንቲ የሚገኝ፤ በርድዊስል የሚለው አጻጻፍ ‹ዊስል› ከሚለው ቃል ጋር በድምፅ በመመሳሰሉ የመጣ።» የመጀመሪያው ባለስም ማን እንደ ነበር የሚናገር መዝገብ እስካልተገኘ ድረስ፣ ከዚህ በታች ያለው መስመር ባዶ ይተዋል።